ከገና እስከ ገና የተለካ ጉልበት

የዚያን ዓመት ገና ጫኔ ወደ መስኩ የወረደው ሩር ለመምታት አልነበረም። ይህን እሱ ራሱ አይክድም። ከቀየት መንደር በታች ያለው ጨፌ ከማለዳ ጀምሮ በሁለት ደብር ሰው ተሞልቷል፤ በላይ በኩል የመድኃኔዓለም፣ በታች በኩል የጊዮርጊስ ወገን። ሽበታሙ ሳይቀር በርኖሱን ካብ ላይ ጥሎ፣ ጫፉ የቆለመመውን የገና ዱላ እያወዛወዘ፣ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር ወደ ማዶ ለማሳለፍ ይራኮታል። ጫኔ ግን ዓይኑን ከአንድ ሰው ላይ አልነቀለም።

ሰውየው የታችኛው ደብር ምንተስኖት ነው። በመሬት ሽግሽጉ ዓመት የቀበሌ ሰዎች ገመድ ይዘው መጥተው የጫኔን አባት የወንዝ ዳር የገብስ መሬት ለሁለት ከፈሏት፤ ግማሿም በዕጣ ለምንተስኖት ደረሰችው። አባትየው ሁለት ክረምት እንኳ ሳይቆዩ በንዴት ሞቱ። ሐኪም ሌላ ስም ይሰጠው ይሆናል፤ ጫኔ ግን ንዴት ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ ዐሥር ዓመት ሙሉ ምንተስኖት በሬውን ጠምዶ ያቺን መሬት ሲያርስ ከደጁ ቆሞ ያያል። ምንተስኖት «እንዴት አደርክ» ይለዋል። ጫኔ ምራቁን ይተፋል።

ገና ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። እዚያ መስክ ላይ ለፈሰሰ ደም ክስ የለም፣ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ካሳም አይጠየቅም። ጥርሱ የረገፈ ጥርሱን ለቅሞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የመታውም ሰው በማግሥቱ ሲያገኘው ሰላም ይለዋል። ደግ ሕግ ነው፤ ቂመኛ እስኪያገኘው ድረስ።

ከቀትር በኋላ ጨዋታው ጨዋታነቱን ተወ። የአንዱ ቅንድብ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑን ጋርዶታል፤ ሌላው ሁለት ጣቱን በብብቱ ወትፎ ያቃስታል። ዱላው ከሩሯ ይልቅ ቅልጥም ላይ ነበር የሚያርፈው። ያን ጊዜ ሩሯ ተንከባላ ምንተስኖት እግር ሥር ቆመች። ጫኔ ሮጠ። ግራ እግሩን ረግረጉ ሣር ውስጥ ተክሎ፣ ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ፣ በሙሉ ኃይሉ ወደ ምንተስኖት ቅልጥም ሰነዘረ። ምንተስኖትም ዱላውን ከፍ እንዳደረገ ወደ ጎን ዘለለ።

ቋ አለ። የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። የጫኔ ግራ ጉልበት ከሥሩ ጠፋ፤ በግንባሩ ሣሩ ላይ ተደፋ። ቀና ሲል በላዩ የቆመው ምንተስኖት ነው፣ ዱላውን እንደያዘ።

«መታኝ» አለ ጫኔ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም፤ አላስፈለገውምም። የላይኛው ደብር ሰው እንዳለ ተገልብጦ ምንተስኖት ላይ ወረደ። በዱላ፣ በጡጫ፣ በመጨረሻም ከካቡ በተፈለቀቀ ድንጋይ ወቀጡት። ቄሶቹ መስቀል ይዘው እስኪገቡ ድረስ የምንተስኖት ግንባር ለሁለት ተከፍሎ ነጠላው ቀይ ሆኖ ነበር። ጫኔ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ይህን ሁሉ አየ። ሕመሙ ዓይኑን ቢያዞረውም፣ ድብደባው አነሰ ብሎ አዘነ።

በቃሬዛ ቤቱ አስገቡትና ወጌሻው አባባ ወልደ አማኑኤል ተጠሩ። እሳቸው በእጃቸው የሚያዩ ሰው ናቸው። ጉልበቱን በቅቤ አሽተው፣ ጣታቸውን በጉልበቱ ሎሚ ዙሪያ ሰደው፣ ባቱን ይዘው ወደ ፊት ሳብ ሲያደርጉት ጫኔ የለበሰውን ባና ጫፍ ነክሶ እንደ በሬ አጓራ። ሚስቱ ጥሩሸዋ ትከሻውን ተጭናለች።

«አጥንት አልተሰበረም። ሎሚውም ቦታው ላይ ነው» አሉ ወጌሻው። «ውስጡ ነው የተናጋው። የዱላ ምልክት ግን አላየሁበትም፣ ልጄ።»

ጫኔ አልሰማቸውም፤ ወይም መስማት አልፈለገም። በመቃ ጠፍረው አሰሩትና ሄዱ። እሱ ጣራውን እያየ ከገና እስከ ገና ስንት ቀን እንደሆነ ማስላት ጀመረ።

በየካቲት እፀገነት የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ወደ ሞላሌ ጤና ጣቢያ መጣች። ሕዝቡ ዶክተር አላት፤ አይደለሁም ብትል የሚሰማት አጣች። አጥንቱ ሳይሰበር ጅማቱና ሥጋው ስለተጎዳ ጉልበት ነበር የምታጠናው። በእግሯ ሰፈር ለሰፈር ዞረች፤ ከወጌሻዎቹ ጋር እየተቀመጠች እጃቸውን አየች፣ የሚሉትን ጻፈች፣ አርባ ሦስት የተጎዳ ጉልበት መዘገበች። ግማሾቹ እንደ ጥንቱ በመቃ ታስረው ይቆያሉ፤ ግማሾቹ ተፈተው በእንቅስቃሴ ይታከማሉ። ማን ወደ የትኛው እንደሚገባ በዕጣ ይወሰናል። ጫኔ ዕጣ የሚባል ነገር ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ መሬቱን የበላችው ዕጣ ናት። ዕጣው ግን ከሚፈቱት ጋር ጣለው።

«እንዴት ነው የተጎዱት?» አለችው እፀገነት፣ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ።

«እርስዎ የሚባለው አባቴ ነበር። እኔን አንተ በይኝ። በዱላ ተመትቼ ነው።»

«ማን መታህ?»

«ስሙን ትጽፊዋለሽ?»

«ስም አልጽፍም።»

«እንግዲያ ምን ያደርግልሻል።»

ከቅጹ ላይ «በዱላ ተመትቶ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጀርባው ላይ አስተኝታው፣ እግሩን አጥፋ ባቱን ወደ ፊት ሳበችው፤ ልክ ወጌሻው እንዳደረጉት። ያበጠውን ዙሪያ በሜትር ለካች፣ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በማዕዘን መለኪያ አየች። በአንድ የተጠማዘዘ ገመድም አስረዳችው። «ውስጥ ያለችው ጅማት ተበጥሳለች። እሷ አትቀጠልም። የጭንህ ሥጋ ከበረታ ግን ሥራዋን ይረከባል። ዓመት ይፈጃል፣ ያማል፣ ብዙ ሰው መንገድ ላይ ይተወዋል።»

«ለከርሞ ገና ይደርስልኛል?»

እፀገነት ሣቀች። ጨዋታ ወዳድ መሰላት። «ከሠራህ ይደርሳል» አለችው።

እውነቱን ለመናገር እንደ ጫኔ ያለ በሽተኛ በዕድሜዋ አላየችም። በየገበያው ቀን በበቅሎ ሞላሌ ይመጣል፣ አንድም ቀን አልቀረም። ሃያ ጊዜ አንሣ ስትለው አርባ ያነሣል። ከወንዝ ዳር፣ ከዚያችው ከተቆረጠችው መሬት ወሰን ላይ ድንጋይ ለቅሞ በስልቻ ከተተና ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ እግሩን ያነሣል፣ ይጥላል፣ ያነሣል። ላቡ በጉንጩ እየወረደ ጥርሱን ያፋጫል። በየማንሣቱ በሐሳቡ ምንተስኖትን ይመታዋል። አንድ ጊዜ ቅልጥሙን፣ አንድ ጊዜ ክርኑን፣ አንድ ጊዜ አፉን። በመጨረሻ ግን ሁልጊዜ የሚመለሰው ወደ ግራ ጉልበቱ ነው። ከእፀገነት የተማረው ትምህርት ደግሞ ጠቅሞታል፤ እግር መሬት ተተክሎ ጉልበት ቀጥ ባለበት ቅጽበት ከውጭ በጎን ቢመታ እንዴት እንደሚፈርስ፣ ራሷ በገመዱ አሳይታዋለች።

ቅዳሴ ላይ መቋሚያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በግራ እግሩ ብቻ ይቆማል። ከኪዳን እስከ ስንብት እንዲያ ሲቆም ሰው አየና ጫኔ ሊመንን ነው አለ። ዘመዶቹ በሣቅ፣ ካህናቱ በአክብሮት። ጥሩሸዋ ግን ከሴቶቹ በኩል ሆና ባሏን ታያለች፤ ዓይኑ መቅደሱ ላይ አልነበረም።

በጾሙ መካከል ምንተስኖት ቄስ ላከ። ግንባሩ ስድስት ቦታ ተሰፍቶ ጠባሳው ገና ቀይ ነው አሉ። የላከውም ቃል አጭር ነበር። በገና ይቅር በለኝ አይባልምና ይቅርታ አልጠየቀም፤ ዱላዬ አልነካውም ብሎ ግን በታቦቱ ስም ማለ። ጫኔን ይህ ከምቱ በላይ አንገበገበው። መትቶ መታሁ ያለ ወንድ ነው። መትቶ፣ ያውም በታቦት ምሎ የሚክድን ምን ይሉታል? ቄሱን «እግዚአብሔር ይስጥዎ፣ አባቴ፣ በሰላም ይግቡ» ብሎ ሸኛቸውና ስልቻው ውስጥ ሁለት ድንጋይ ጨመረ።

የስቅለት ዕለት እፀገነት ያዘዘችው ነገር ነበር። «ስግደቱ ይጠቅምሃል» ብላዋለች። «ቀስ ብለህ፣ ሳትጥለው እጠፈው። ተረከዝህ መቀመጫህን ሲነካ ትልቁን ዳገት ወጥተሃል።» ቤተ ክርስቲያኑ በጥቁርና በነጠላ ተሞልቶ ሕዝቡ ሲወድቅና ሲነሣ ጫኔም ወደቀ፣ ተነሣ። ሠላሳኛው ላይ ጉልበቱ እሳት ሆነ። ስልሳኛው ላይ ተረከዙ መቀመጫውን ነካ። ሰው ሁሉ ኪርያላይሶን ሲል የእሱም ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ከኋላው የነበረችው ጥሩሸዋ ጆሮዋን ጣል አደረገች። «ምንተስኖት» ነው የሚለው። በየስግደቱ፣ አንድ በአንድ፣ «ምንተስኖት»።

ቤት ሲገቡ አልቻለችም። «በሕማማት የሰው ስም እየጠራህ ትሰግዳለህ?»

«ጸሎቴ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ሲድን ሌላው ነገርህ እየሞተ ነው። እኔ እፈራሃለሁ።»

ጫኔ ያለችው እውነት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ግን ለገና ስምንት ወር ብቻ ነው የቀረው።

ታኅሣሥ ሲገባ የሁለቱ ጭኖቹ ልክ በሜትር እኩል ሆነ። በአንድ እግሩ ዘለለላት፣ ዞረላት፣ ቆመላት። እፀገነት ደስታዋን መደበቅ አቃታት። «የመጨረሻው ልኬት የገና ማግሥት ነው። እስከዚያ ግን ገና አትጫወት፤ ዓመትህ አልሞላም።»

«ከገና እስከ ገና ዓመት አይደል እንዴ?»

«ማግሥቱን ነው ያልኩህ» አለችና ደብተሯን ገለጠች። ለሰው የማውራት አምሮት የያዛት ትመስላለች። «አንድ ነገር ልንገርህ። እንዳንተ ውስጠኛዋ ጅማት የተበጠሰችባቸው ዐሥራ አንድ ሰዎች አሉ። ሰባቱን ማንም አልነካቸውም። እግራቸውን ተክለው ድንገት ሲዞሩ በራሷ ነው የተበጠሰችው። አንዷ እንስራ ተሸክማ ስትመለስ ነው፣ አንዱ ብቻውን ካብ ሲዘል። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚነግሩኝ፤ ቋ ሲል ሰማሁ፣ ሰው መታኝ ብዬ ዞር ስል ማንም የለም ይላሉ። ድምፁ የሚወጣው ከውስጥ ነው።»

ጫኔ ሱሪውን ወደ ታች መጎተት ጀመረ። «እኔ ዞር ስል ሰው ነበረ።»

«በመጀመሪያው ቀን ቆዳህ ላይ ሰምበር ነበረ? አባባ ወልደ አማኑኤልን ጠይቄያቸው የለም ብለውኛል።»

«አባባ ሸምግለዋል። አንቺም እዚያ አልነበርሽም።» ተነሣ። በሩን ሳይዘጋ ወጣ። መንገዱን ሁሉ በቅሎዋን ያለ ጥፋቷ ገረፋት።

ገና ደረሰ። ጥሩሸዋ በሩ ላይ ቆማ ዱላውን ያዘችበት፤ ከእጇ ነጠቀው። መስኩ ላይ ጭጋጉ ሳይነሣ ሩሯ ተወረወረች። ጫኔ እስከ ቀትር ድረስ ዳር ዳር አለ፤ ሮጠ፣ ቆመ፣ ዞረ፣ ጉልበቱ እንደ አዲስ ምሰሶ ነው። አንድ ሰው ጥርሱን አጣ፣ አንዱ እጁ ተሰብሮ ወጣ፣ ጫኔ ዘወር ብሎ አላያቸውም። ምንተስኖት ከአምናው ይልቅ ተጠንቅቆ ነው የሚጫወተው፤ ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ በላብ ያብለጨልጫል።

ከቀትር በኋላ ሩሯ ወደ ታች ወረደች። ምንተስኖት ደረሰባት፣ ግራ እግሩን ተከለ፣ ዱላውን አነሣ። ጉልበቱ ቀጥ አለ። ጫኔ ዓመት ሙሉ ያለማት ቅጽበት ይህች ናት። ከጎን መጣ። ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ ዞረና፣ በአዲሱ ጭኑ ጉልበት ሁሉ፣ የዱላውን ቆልማማ ጫፍ በምንተስኖት ጉልበት ጎን ላይ አሳረፈው።

ድው አለ።

ጆንያ እህል በዱላ ሲመታ የሚወጣው ዓይነት፣ ወፍራም፣ የታፈነ ድምፅ ነበር። ወዲያው የምንተስኖት ጩኸት ተከተለው። ጫኔ ዱላውን እንደጨበጠ ደርቆ ቀረ። ይህ ድምፅ ያ አይደለም። የአምናው ቀጭን ነበር፣ ደረቅ ነበር፤ ደግሞም በጆሮው ሳይሆን በአጥንቱ ነው የሰማው። ዓይኑ ወደ ምንተስኖት እግር ሄደ። ሱሪው ወደ ላይ ተሰብስቦ ቆዳው ይታያል፤ የዱላው ቅርጽ ገና ከአሁኑ ቀይ ሰምበር ሆኖ አብጦ፣ መሃሉ ተሰንጥቆ ደም ይፈስሳል። ጫኔ በዚህች ቅጽበት የራሱን ጉልበት አስታወሰ፤ በቅቤ የታሸ፣ ያበጠ፣ ግን አንድ ጭረት እንኳ ያልነበረበት።

ሰውየው አልመታውም ነበር። ራሱ ጫኔ ነው እግሩን ተክሎ፣ ሰው ሊሰብር ሲዞር፣ የገዛ ጅማቱን የበጠሰው። ምንተስኖት የማለው እውነት ነበር። ግንባሩም የተፈለጠው በከንቱ ነው።

ተንበረከከ። ጉልበቱ አንድም ሳያንገራግር እስከ መጨረሻው ታጠፈለት። «አልመታኸኝም» አለው። «ምንተስኖት፣ አንተ አልመታኸኝም።»

ምንተስኖት ሣሩን በጥርሱ ነክሶ ይንፈራገጥ ስለነበር ይስማው አይስማው አልታወቀም። ያን ጊዜ የታችኛው ደብር ሰው ደረሰ። የመጀመሪያው ዱላ የጫኔን ትከሻ አገኘው፣ ሁለተኛው ጀርባውን። እጁን አላነሣም። አንዱ በፀጉሩ ይዞ ቀና ሲያደርገው ሌላው አፉን በጡጫ ነረተው፤ ደምና ጥርስ ተፋ። ከላይ የእሱ ወገን እየጮኸ ሲወርድ እጁን አንሥቶ ተመለሱ ብሎ ለመጮህ ሞከረ፣ ድምፅ አልወጣውም። ቄሶቹ ዘንድሮም መስቀል ይዘው ገቡ። ዘንድሮ ግን ዘገዩ።

በማግሥቱ ቃሬዛው ወደ ሞላሌ ሲነሣ ጫኔ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ፣ ከንፈሩ ተቀዶ መጣና የፊተኛውን እጀታ ያዘ። የምንተስኖት ወንድሞች ሊገድሉት ዳዳቸው። ምንተስኖት ከቃሬዛው ላይ ሆኖ «ተዉት፣ ይሸከም» አላቸው። መንገዱን ሙሉ ጫኔም ሸክሙን ለማንም አላቀበለም። ያ በሽተኛ የነበረ ጉልበት ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ቻለው።

እፀገነት ለመጨረሻው ልኬት ሜትሯን አዘጋጅታ ነበር የምትጠብቀው። ሁለቱን ስታይ ሜትሩን አስቀመጠችው። ምንተስኖትን አልጋ ላይ አስተኙት፤ ጉልበቱን ነካ ስታደርገው ግድግዳውን በጡጫ መታ።

«ማን መታው?» አለች።

«እኔ» አለ ጫኔ።

ብዕሯ ቆመ። ዓመት ሙሉ ያከመችውን፣ በየስብሰባው የምታወራለትን ሰው ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ንዴት ይሁን ኀዘን ጫኔ መለየት አልቻለም፤ ሁለቱም ይገባኛል ብሎ ተቀበለው።

«ለዚህ ነው የሠራኸው?»

«ለዚህ ነው። የኔንም አርሚው። አምና በዱላ ተመትቶ ብለሽ የጻፍሽውን። ማንም አልመታኝም። እኔው ነኝ ሰው ልሰብር ስዞር የበጠስኩት።»

እፀገነት ደብተሩን ገልጣ፣ የጫኔን ረድፍ ፈልጋ፣ ሁለቱን ቃላት ሰርዛ በላያቸው ጻፈች። ምንተስኖት ከአልጋው ላይ ሆኖ የብዕሩን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ግንባሩ ሄዶ ጠባሳውን ዳሰሰ። ከዚያ ወደ ጫኔ ሳይሆን ወደ እሷ ዞረ።

«ዶክተር» አላት፣ «ለከርሞ ገና ይደርስልኛል?»

 እፀገነት ብዕሩን ከደብተሩ ላይ አነሣች። አምና ይህን ጥያቄ ስቃ ነበር የመለሰችው፤ አሁን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ጫኔም ያውቃል። በዚያ ጥያቄ ውስጥ ስንት ድንጋይ በስልቻ እንደሚታሰር፣ ስንት ስግደት እንደሚሰገድ፣ ሚስት ባሏን እንዴት እንደምትፈራው ያውቃል። የዚህ ሰው ሰምበር ደግሞ እውነተኛ ነው።

«ይደርሳል» አለ ጫኔ። «በየገበያው ቀን እኔ በበቅሎዬ አመጣዋለሁ። የሚሠራውን ሁሉ አሳየዋለሁ። እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ።»

ምንተስኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየው።  እፀገነት ሜትሩን አነሣችና ልኬቱ እንዳይዛባ እግሩን ቀና አድርጎ የሚይዝላት ሰው ፈለገች። ጫኔ ጠጋ አለና የምንተስኖትን ተረከዝ በሁለት እጁ ያዘ።